ኒውዮርክን ለሚጠቅሱብን ወንድሞች የተሰጠ መልስ

በከተማ ውስጥ ወንጀል በበዛ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮት ይበዛል። ሻይ ቤት ስንቀመጥ፣ ታክሲ ተሰልፈን ስንጠብቅ፣ ዶርም ውስጥ መብራት ሳይጠፋ፣ አንዱ ይነሣና «ይኸ ሁሉ ዱርዬ ታፍሶ ቢወጣ ከተማው ሰላም ያገኝ ነበር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጥፋቱ የድህነት ነው እንጂ ልጁ ምን ያድርግ!» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ወዲያ ጩኸት ነው። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለውም። አሁን አሁን ግን የመጀመሪያው ወገን «ማስረጃ አለኝ» ማለት ጀምሯል። ማስረጃውም ኒውዮርክ ነች። «ኒውዮርክን አታዩም እንዴ? የገዳይና የዘራፊ ዋሻ የነበረች ከተማ፣ አንድ ጨካኝ ከንቲባ መጥቶ መንገዱን ቢጠርገው ጊዜ ሰው ሆነች» ይሉናል።

እሺ፣ ኒውዮርክን እንያት። ነገር ግን በሩቁ ሳይሆን ቀረብ ብለን እንያት። ነገሩ የሻይ ማጣጫ ወሬ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባልደከምንበት ነበር። ከዚህ ወሬ በስተጀርባ ግን ሰው ይታፈሳል። የሚታፈሰውም ሊስትሮው፣ ሱቅ በደረቴው፣ የድልድይ ሥር አዳሪው፣ አንዳንድ ጊዜም መታወቂያውን ረስቶ የወጣ እንደኛ ያለ ተማሪ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ተብሎ የቀረበውን ነገር አገላብጦ ማየት ግዴታችን ነው።

በመጀመሪያ ተረቱን እንደ ተራኪዎቹ እንተርከው፤ ተቃዋሚን አሳንሶ ማቅረብ የደካማ ዘዴ ነውና። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት «አትላንቲክ» በተባለው መጽሔት ላይ «የተሰበሩ መስኮቶች» የሚል ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸው ይኸ ነው፦ አንድ ሕንጻ አንድ መስኮቱ ተሰብሮ ሳይጠገን ከቀረ የቀሩትም መስኮቶች ተሰብረው ያልቃሉ። ጥቃቅን ሥርዓተ ቢስነት ዝም ሲባል ትልቁን ወንጀል ይጠራል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። አጥር ጥግ አንድ ፌስታል ቆሻሻ ሲጣል ያየ ጎረቤት ሁሉ የራሱን ፌስታል ይዞ እንደሚመጣ እናቶቻችን ያለ ምንም መጽሔት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1994 ሩዶልፍ ጁሊያኒ ከንቲባ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ዊልያም ብራተንን የፖሊስ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመ። መብራት ላይ የቆመ መኪና መስታወት እየወለወለ ሳንቲም የሚጠይቀው፣ ያለ ቲኬት ባቡር ጣቢያ ዘሎ የሚገባው፣ መንገድ ላይ ቢራ የሚጠጣው ሁሉ ይያዝ ጀመር። ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ1990 በከተማዋ ከ2,200 በላይ ሰው ተገድሎ ነበር። በ1998 ግን የተገደለው ሰው ከ640 ያነሰ ሆነ። ይኸ ቁጥር እውነት ነው፤ አንክደውም። የምንክደው ከቁጥሩ ላይ የተሰፋውን ካባ ነው።

እስቲ የቀን መቁጠሪያ እናውጣ። የግድያው ቁጥር ጣሪያ የነካው በ1990 ነው አልን። ጁሊያኒ የገባው በ1994 ነው። በመካከሉ ያሉት ሦስት ዓመታት የት ገቡ? በ1991 ቁጥሩ ወረደ፤ በ1992 ወረደ፤ በ1993ም ወረደ። በዚያን ጊዜ ከንቲባው ዴቪድ ዲንኪንስ ነበር፤ ያም ሰው «ደካማ» ተብሎ በምርጫ የተሸነፈ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ፖሊሶች እንዲቀጠሩ ገንዘቡን ያስፈቀደው ሕግ የወጣውም በ1991 በእርሱ ዘመን ነው። ዝናቡ ማባራት ከጀመረ በኋላ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጥቶ «ያቆምኩት እኔ ነኝ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም ጃንጥላውን ማን እንደዘረጋው እነርሱ ራሳቸው አልተስማሙም። በጥር 1996 «ታይም» መጽሔት የብራተንን ፎቶ ሽፋኑ ላይ ቢያወጣው ከንቲባው ደስ አላለውም፤ ኮሚሽነሩም በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ሥራውን ለቀቀ።

ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ የሚከፋው ግን ካርታው ነው። በዚያው በ1990ዎቹ ውስጥ በመላው አሜሪካ የግድያ መጠን ከ100,000 ሰው 9.4 ከነበረበት ወደ 5.5 ወርዷል። ጁሊያኒ የመላው አሜሪካ ከንቲባ ነበር እንዴ? ሳን ዲዬጎ በምትባለው ከተማ ፖሊሱ ከሕዝቡ አንጻር ሲታይ ከኒውዮርኩ እጅግ ያነሰ ነው፤ የያዘውም መንገድ ከሰፈሩ ነዋሪ ጋር እየተመካከሩ መሥራት ነበር። በዚያም ወንጀል እንደ ኒውዮርኩ ሁሉ በኃይል ወረደ። ድንበሩን ተሻግረን ካናዳ ብንገባ፣ የእስረኛው ቁጥር እንደ አሜሪካው ሳይቆለል እዚያም ወርዷል። ምንም ያልጠረገው እንደ ጠረገው ሁሉ ከጸዳለት፣ መጥረጊያው ብቻውን ምን ሠራ?

«ባይሆን ባይሆን ረድቷል፤ ባይጠረግ ኖሮ ተመልሶ ይመጣ ነበር» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ወንድሞች ታሪክ ራሷ ፈተና አዘጋጅታላቸዋለች። የኒውዮርክ ፖሊስ ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሰውን መንገድ ላይ አስቁሞ መፈተሽን ዋና ሥራው አድርጎት ነበር። በ2011 ብቻ 685,724 ጊዜ ሰው ተይዞ ተፈተሸ። ከተፈተሹት 10 ሰዎች ወደ 9 የሚጠጉት ሳይታሰሩም ሳይከሰሱም ተለቀቁ፤ አብዛኞቹም ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። በነሐሴ 2013 ሺራ ሼንድሊን የምትባል ዳኛ የአሠራሩ አፈጻጸም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብላ ፈረደች። ሹማምንቱ «አሁን ደም ይፈሳል» ብለው አስፈራሩ። ፍተሻው በ2015 ከ23,000 በታች ሆነ። እንግዲህ እንደ ጠራጊዎቹ ነቢብ ከሆነ ከተማዋ መንደድ ነበረባት። በ2011 የተገደለው ሰው 515 ነበር፤ በ2017 የተገደለው 292 ነው። እኛ የሒሳብ ተማሪዎች አይደለንም፤ ግን 292 ከ515 እንደሚያንስ እናውቃለን።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ያስቃል። ኤሪክ ጋርነር የተባለ ሰው በሐምሌ 2014 ነጠላ ሲጋራ ይሸጣል ተብሎ ሊያዝ ሲል በፖሊስ እጅ አንገቱ ታንቆ ሞተ። (ይኸስ አያስቅም። እኛ አገር ነጠላ ሲጋራ የሚሸጠው ስንት ልጅ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።) ከዚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በዓመቱ ማብቂያ ላይም ሁለት ፖሊሶች ተገደሉ፤ ፖሊሶቹም በከንቲባው ላይ አኩርፈው ለተወሰኑ ሳምንታት ጥቃቅኑን ጥፋት መያዝ ተዉት። የመያዙ ቁጥር ባንድ ጊዜ ቁልቁል ወረደ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት እነዚያን ሳምንታት መርምሮ ያገኘው ምንድን ነው? የከባድ ወንጀል አቤቱታ እንኳን ሊጨምር ጭራሽ ቀነሰ። መስኮት ሰባሪውን መያዝ ተትቶ ሕንጻው አልፈረሰም።

ታዲያ ፖሊስ ከንቱ ነው ልንል ነው? አይደለም። የማናምንበትን አንልም። ፍራንክሊን ዚምሪንግ የተባለው የሕግ ሊቅ የኒውዮርክን ነገር ሲመረምር፣ የእርሷ መውረድ ከሌሎቹ ትልልቅ ከተሞች መውረድ ወደ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑንና የፖሊስ አሠራር መለወጥ ከፊሉን ሳያስገኘው እንዳልቀረ ተቀብሏል። ነገር ግን የትኛው አሠራር? ቢራ ጠጪን ማፈስ አይደለም። የፖሊሱ ቁጥር መብዛቱና ወንጀል በሚደጋገምባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ መቆሙ ነው። እስር ቤት ሞልቶ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ በቀሩት ክፍለ ግዛቶች የእስረኛ ቁጥር ሲጨምር ከኒውዮርክ ከተማ የሚታሰረው ሰው እየቀነሰ ነው ወንጀሉ የወረደው።

ይኸ «ጥቂት ቦታ» የምንለው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ነው። በ1989 የወጣ አንድ ጥናት በሚኒያፖሊስ ከተማ ለፖሊስ የተደወለውን ስልክ ሁሉ በየአድራሻው ቢደለድለው፣ ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ የሚሆኑት የጥሪውን ግማሽ ይዘው ተገኙ። ማለት ወንጀል በከተማ ላይ እንደ ጉም የተዘረጋ ነገር አይደለም። አንድ ማዕዘን ነው፤ አንድ ጨለማ መተላለፊያ ነው፤ አንድ መጠጥ ቤት ደጃፍ ነው። መንገደኛ ሁሉ እዚህም ያውቀዋል። ማጅራት መቺ የት እንደሚቆም፣ ስልክ መንታፊ በየትኛው የታክሲ ሰልፍ ዙሪያ እንደሚያንዣብብ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ሰፈርተኛው ይነግርሃል። ሰፈርተኛው የሚያውቀውን ትቶ አንድ ክፍለ ከተማ ሙሉ ወጣት ማፈስ፣ ቁንጫ ለመያዝ አልጋውን ማቃጠል ነው።

አሁን ወደራሳችን ወገን እንዞራለን፤ እስካሁን ሲያጨበጭቡልን የነበሩት እዚህ ላይ ያኮርፉ ይሆናል። «ድህነት ነው» ብሎ ክርክሩን መዝጋትም ስንፍና ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካ ሀብቷ እየጨመረ፣ በአሥርቱ ማብቂያ ሥራ አጡ ከ4 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ ወንጀል ሽቅብ ነበር የወጣው። በጥቅምት 2009 ሥራ አጡ 10 በመቶ ሲደርስ ሁሉም ዝርፊያ ሊፈላ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ወንጀል ቀነሰ። ደግሞስ ድህነት ብቻውን ሌባ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ የዚህች ከተማ ነዋሪ ግማሹ ግማሹን ሰርቆ በጨረሰው ነበር! በቀን አንድ ጊዜ እየበሉ፣ የጎረቤት ዶሮ ግቢያቸው ስትገባ አባረው የሚመልሱ እናቶችን የሚሰድብ ንድፈ ሐሳብ የተራማጅ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ድህነት የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፤ ማን እንደሚዘረፍና ማን እንደሚታፈስ ይወስናል። ባለ መኪናው መስተዋቱን ዘግቶ ያልፋል፤ በማታ ከሥራ የምትመለሰዋ አስተናጋጅ ግን በእግሯ ነው የምትሄደው። ስለዚህ «ወንጀል የሀብታም ጭንቀት ነው» የሚለንም ወንድም ተሳስቷል። የወንጀል መብዛት ከማንም በፊት የሚጎዳው ድሃውን ነው፤ ለዚህም ነው ጉዳዩን ለአፋሾቹ ትተን መቀመጥ የማንችለው።

የቀሩት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉን ብንዘረዝር ወረቀቱም አይበቃን። በ2001 ዶናሂውና ሌቪት የተባሉ ምሁራን ፅንስ ማቋረጥ በ1973 ስለተፈቀደ ከሃያ ዓመት በኋላ ወንጀል ቀነሰ ብለው አገሩን አናወጡት፤ በ2005 ሌሎች ምሁራን ከስሌታቸው ውስጥ ስሕተት አወጡባቸው፤ ክርክሩ ግን አላባራም። ሌሎቹ ደግሞ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ የነበረው እርሳስ የተባለው ብረት የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳ ነበርና ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየቀነሰ መውጣቱ ነው ይላሉ። «ክራክ» የሚባለው ኮኬይን በ1980ዎቹ አጋማሽ ከነጠመንጃው ገብቶ በ1990ዎቹ ገበያው ስለቀዘቀዘ ነው የሚሉም አሉ፤ ይኸኛው ለግድያው ቁጥር ጥሩ መልስ ይመስለናል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። «እኔ ብቻ» የሚለውን ግን ተጠንቀቁት፤ የሚሸጠው ነገር አለው።

በ2020 የደረሰውን ደግሞ ተመልከቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአሜሪካ የግድያ ቁጥር ወደ 30 በመቶ ጨመረ። የወረርሽኙ ዓመት ነው፣ የጆርጅ ፍሎይድ ግድያና የተቃውሞው ዓመት ነው፣ ጠመንጃ በገፍ የተሸጠበት ዓመት ነው። አንዱ ፓርቲ ሌላውን ከሰሰ፤ ጭማሪው ግን የሁለቱንም ፓርቲ ከተሞችና ገጠሩንም አላለፈም። በ2023ና በ2024 ደግሞ ቁልቁል ወረደ፤ አሁንም በሁለቱም ዘንድ። ሲወጣ «የጠላቴ ሥራ ነው»፣ ሲወርድ «የኔ ሥራ ነው» ማለት የትም አገር ያለ የሹመኛ ቋንቋ ነው።

ከሁሉ በፊት መቅደም የነበረበት ጥያቄ ግን «ወንጀል ቀነሰ» ሲባል ምን ቀነሰ ማለት ነው? ግድያን ብቻ ስንጠቅስ የቆየነው በከንቱ አይደለም፤ ሬሳ መደበቅ ስለሚከብድ ነው። የቀረው ወንጀል ሁሉ መዝገብ ላይ እስኪጻፍ ድረስ የለም። ከመካከላችን ስልኩ ተመንትፎ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ስንቱ ነው? የሚሄደው መታወቂያው አብሮ የጠፋበት ነው፤ እርሱም ስልኩን ለማግኘት ሳይሆን ሌላ መታወቂያ የሚያወጣበትን ወረቀት ፍለጋ ነው። ሰው ፖሊስን ማመን ሲጀምር አቤቱታው ይበዛል፤ በወረቀት ላይ ወንጀል ጨመረ ማለት ነው። ማመን ሲተው አቤቱታው ይቀንሳል፤ ሹሙም ሪፖርቱን ይዞ ይሸለማል። በዚያችው በኒውዮርክ «ኮምፕስታት» የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ጣቢያ አዛዦች በየጊዜው እየተጠሩ በቁጥራቸው ይፋጠጣሉ። ጥሩ ነው፤ ግን በ2010 አንድ ፖሊስ በራሱ ጣቢያ ውስጥ በስውር የቀዳው ድምፅ በጋዜጣ ሲወጣ፣ ከባዱን ወንጀል ቀላል ብሎ መመዝገብና አቤት ባዩን አባብሎ መመለስ እንደነበረ ታወቀ። በቁጥር የሚሾምና የሚሻር ሰው ቁጥሩን ራሱን ሊያጣምመው ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 384 ወጥቶ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚባል ወንጀለኛ ተፈጠረ፤ በዚህ የተጠረጠረ ሰው ዋስ የለውም። የሚጤነው ከሠራው ሥራ ይልቅ ሁኔታው ነው፦ መተዳደሪያው ምንድን ነው? ለምን እዚህ ቆመ? በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ታፈሰ፤ ከሺሻ ቤት፣ ከጫት ቤት፣ ከቁማር ቤት። ከእነዚህም መካከል ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ጦላይ ካምፕ ተወስደው አንድ ወር ያህል ቆይተው «ተሐድሶ ወሰዱ» ተብለው ተመለሱ። ጦላይ መሄዳቸውን በኋላ የሰሙ እናቶች ስንቱን ጣቢያ እንደዞሩ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እኛ የምንጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው። በዚያ ወር ውስጥ በሜክሲኮና በመገናኛ የተመነተፈው ስልክ ስንት ነበር? በፊቱ በነበረው ወርስ? ልጆቹ ከተመለሱ በኋላስ? አፈሳ መድኃኒት ነው የሚል ሰው ይኸን ሦስት ቁጥር ማምጣት አለበት። ታማሚው ሲድን አላየንም፤ ያየነው መርፌው ሲወጋ ብቻ ነው።

«እናንተስ ምን ታመጣላችሁ?» እንደምትሉን እናውቃለን። የተሞከረ እናመጣለን። በ2016 በኒውዮርክ ወደ 80 ከሚጠጉ የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች ገሚሱ በዕጣ ተመርጠው ትልልቅ መብራት ቆመላቸው፤ ዕጣ ያልደረሳቸው ማነጻጸሪያ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መብራት በገባላቸው ዘንድ ሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ አነሰ። ማንም አልታፈሰም። በቺካጎ ደግሞ በ2012 ወንጀል ከበዛባቸው ሰፈሮች የመጡ ተማሪዎች በዕጣ ተመርጠው ለ8 ሳምንት የክረምት ሥራ ተሰጣቸው። በሚቀጥሉት 16 ወራት በኃይል ወንጀል የመያዛቸው ነገር ዕጣ ካልደረሳቸው በ43 በመቶ አነሰ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች «ሠርቷል» ከማለታቸው በፊት የሚያነጻጽሩበትን አዘጋጅተዋል። ይኸ ኒውዮርክም ቺካጎም የግድ እዚህ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የኛ ጨለማ የኛው ጨለማ ነው። ነገር ግን አንድ ካምዮን ወጣት ጭኖ ጦላይ ለማድረስ የሚወጣው ነዳጅና ቀለብ ስንት የመንገድ መብራት እንደሚያበራ ማስላት አያቅትም።

ስለዚህ በኒውዮርክ የሚምሉ ወንድሞቻችን መልስ እንዲጽፉልን እንጠይቃለን፤ ገጹ ክፍት ነው። መልሱ ሲመጣ ግን ስለ ጁሊያኒ ሳይሆን ስለ መገናኛ ይሁን፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በየሳምንቱ ስንት ሰው ተዘረፈ፣ ስንቱ አቤት አለ፣ ስንት መብራት በርቶ ነበር።